«የእኛ ጉዳይ አይደለም» ላሉት ጸሐፊ፣ ከደቻቱ ማዶ

ጽሑፉን መጀመሪያ የላከልኝ አብሮ አደጌ ነው። ከሥሩ «ይህን አንብብና ክርክርህን አቁም» ብሎበታል። እስከ ማታ ሌሎች አምስት ሰዎችም ላኩልኝ። አንዷ አክስቴ ናት። አክስቴ ጋ ከደረሰ እንግዲህ ድሬዳዋ ውስጥ ያላየው ሰው የለም ማለት ነው።

የጥቁርና የነጭ ጠብ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል ጽሑፍ ነው። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አማርኛቸው ያምራል። ድሬንም እንደሚወዷት ያስታውቃል። ስለዚህ ሳልቆጣ ልመልስላቸው። መጀመሪያ ግን ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። ሰው ያላለውን ብሎ መርታት ቀላል ነው።

ነገራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ ቅኝ ስላልተገዛች የዘር መድልዎ የሚባለውን ነገር አናውቀውም፤ ከውጭ የመጣብን ወሬ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ከተቆረቆረች ጀምሮ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሕንዱም፣ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም፣ አማራውም፣ ሐረሪውም ተቃቅፎ የኖረባት ከተማ ናት፤ ከዚራና መጋላ የሚባሉት ሁለቱ የከተማዋ ሰፈሮች የተለያዩት በመሐንዲስ ፕላን እንጂ በዘር አይደለም። በሌላውም አገር ቢሆን መድልዎን ያስቀረው አድማና ሰልፍ ሳይሆን ፍርድ ቤትና ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ በሰው ጠብ ገብታ ያተረፈችው ኪሳራ ብቻ ነው፤ በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተረታን፣ የምሩጽ ይፍጠርንም ሜዳሊያ አጣን። በመጨረሻም፣ እኛ ራሳችን ባሪያ ስንሸጥ ኖረን ሌላውን ለመውቀስ አፍ የለንም፤ ዝም ማለት ይሻላል።

ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እኔን ራሴን አሳፍረውኛል። እሱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

«አናውቀውም» ከሚለው ልጀምር።

ቅኝ አልተገዛንም፣ ልክ ነው። ግን ጣሊያን ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ሐረር ገባ። በማግስቱ ድሬዳዋ ገባ። ከአምስት ዓመት ትንሽ ለሚያንስ ጊዜም ተቀመጠ። ሲቀመጥ ደግሞ ሕግ እያወጣ ነው። ሚያዝያ 1929 የወጣው ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ከተገኘ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል ይላል። ሴትዮዋ ተበደለች ተብሎ እንዳይመስላችሁ። የነጭ ክብር ተነካ ተብሎ ነው። በ1932 ሌላ ሕግ ተጨመረ። ከጣሊያን አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ልጅ የጣሊያን ዜግነት የለውም፤ አባትየው ቢፈልግ እንኳ «ልጄ ነው» ብሎ ማስመዝገብ አይችልም። ድሬ ያደገ ሰው ይህ ሕግ ምን እንዳደረገ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልገውም። ክልስ ጎረቤት ነበረው።

አዲስ አበባ የሚኖሩ ዘመዶቼም «እኛን አይመለከትም» እንዳይሉ አንድ ነገር ላንሳ። ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ያንን ሰፈር ለነጭ ፈለገው። የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋና በቋንቋው «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። እኛ «ኢንዲጄኖ»ውን ጣልነው። «መርካቶ»ውን ይዘን ቀረን። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ፒያሳ! መርካቶ!» እያለ ሲጣራ፣ ሳያውቀው የሚጠራው የነጩንና የጥቁሩን ሰፈር ነው። አናውቀውም የምንለው ነገር አፋችን ውስጥ ተቀምጧል።

የነጻነቱስ ጉዳይ? መጋቢት 17 ቀን 1933 ጣሊያንን አስለቅቀው ሐረር የገቡት በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር የሚዋጉ ናይጄሪያውያን ወታደሮች ናቸው። የራሳቸው አገር ነጻ የወጣችው ከዚያ 19 ዓመት ቆይታ ነው። ከ3 ቀን በኋላ ድሬዳዋ የገባው የደቡብ አፍሪካ ጦር ነበር። በዚያ አገር ሠራዊት ውስጥ ጥቁሮችም ነበሩ። ሾፌር ሆነው፣ ቁስለኛ ተሸክመው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ያገለግላሉ። ጠመንጃ ግን አይሰጣቸውም። ነጭ ላይ መተኮስ ይለምዳሉ ተብሎ ይፈራ ነበር። ድሬን ከዘረኛ ያላቀቃት ጦር ራሱ ጥቁሩን ለይቶ የሚያሰልፍ ነበር። ጉዳዩ ከደጃችን ይህን ያህል ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ከዚራና መጋላ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም ያሳደገኝ ሰፈር ነው።

ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው ካልኩት አንዱ ይህ ነው። ከዚራ በዘረኛ አዋጅ አልተቆረቆረችም። በ1895 የጅቡቲ ባቡር ሲደርስ የባቡር ኩባንያው ሰዎች ሜዳ ላይ የነደፏት ከተማ ናት። ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ፣ በግራና ቀኝ ዛፍ። በሌላው የአገራችን ክፍል «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚባለውን፣ ቀይ አበባ የሚያፈሰውን ዛፍ ታውቁታላችሁ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ሲገቡ መንገዱ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ ቤቱ በቤት ላይ ይደገፋል። ከዚራ መግቢያ ላይ «ጥቁር አይገባም» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎ ነበር የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ፍቅሩም ውሸት አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቋንቋ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ግን አያቴን ላምጣ።

አያቴ መጋላ ኖራ መጋላ ነው የሞተችው። በወጣትነቷ ከዚራ አንድ የፈረንጅ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። 12 ዓመት። ጠዋት ጠዋት ደቻቱን የምታቋርጠው በእግሯ ነው፤ ያው እንደምታውቁት ደቻቱ ዝናብ ካልመጣ በስተቀር ውሃ የሌለው አሸዋ ነው። ጫማዋን በእጇ ትይዛለች። ወዲያኛው ዳር ስትደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ትልና እግሯን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጫማዋን ታደርጋለች። ከዚያ ከዚራ ትገባለች። ማታ ስትመለስ እዚያው ድንጋይ ላይ ጫማዋን ታወልቃለች። ልጅ ሆኜ ስታሳየኝ እየሳቀች ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

የቤቱ ዋና በር በዛፉ መንገድ በኩል ነው። እሷ የምትገባው በጓሮ በር ነበር። አንድ ቀን «ማን ከለከለሽ?» አልኳት። «ማንም» አለችኝ። «ታዲያ ለምን በዋናው በር አልገባሽም?» ስላት እንደ ዕብድ አየችኝ። «ኧረ እንዴት ተደርጎ!»

ጸሐፊው «በፕላን እንጂ በዘር አይደለም» ሲሉ ይህችን «እንዴት ተደርጎ»ን አላዩዋትም። ሕግ ያልጻፈውን ልማድ ጽፎታል። ልማዱን ደግሞ የሚጠብቀው ዘበኛ ሳይሆን አያቴ ራሷ ነበረች።

ይህ የአያቴ ብቻ ቢሆን «ዓይን አፋር ሴት ነበረች» ብዬ አልፈው ነበር። ኔልሰን ማንዴላ ግን ዓይን አፋር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አዲስ አበባ ሲበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያይ ለቅጽበት ልቡ ደነገጠ። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል? ወዲያው በራሱ አፈረ። የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ አፓርታይድን፣ ለመጣል ሕይወቱን ሊሰጥ የተነሣ ሰው አፓርታይድን ራሱ ጭንቅላት ውስጥ አገኘው። ይህን በኋላ ራሱ ነው የተናገረው። አያቴ ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ስትጠርግ የምትታየኝ ያኔ ነው።

«ፕላን» የሚለውን ቃልም እንዲህ በንጽሕናው ባንወስደው ጥሩ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣችው የሰፈር ክፍፍል ሕግ ስሙን ብትሰሙት የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ይመስላል። በዚያ ሕግ ኬፕታውን ውስጥ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1966 «የነጭ» ተባለ። ከ60,000 በላይ ሰው ተነሣ። ቤቱ በግሬደር ተደረመሰ። ያ ሰፈር ክልሱም፣ እስላሙም፣ አይሁዱም፣ ጥቁሩም ተጎራብቶ የሚኖርበት ነበር። ድሬን የመሰለ ማለቴ ነው። በፍቅር መኖራቸው አላዳናቸውም። ከዚራ ዲስትሪክት ሲክስ ናት እያልኩ አይደለም፣ አይደለችምም። «መሐንዲስ የሠራው ስለሆነ ዘር የለበትም» የሚለው ሙግት ግን አይቆምም።

ሦስተኛው ነጥብ ፍርድ ቤትና ጊዜ ነው። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት አሜሪካን ነው። በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ላይ የነበረውን የወንበር መድልዎ የሻረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ያደረጉት አድማ ለታይታ ነበር ይላሉ።

የሻረው ፍርድ ቤቱ መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1956። ግን ፍርድ ቤት መዝገብ ሳይከፈትለት አይፈርድም። መዝገቡን ያስከፈቱት አራት ጥቁር ሴቶች ናቸው። አንዷ ክሎዴት ኮልቪን ትባላለች። ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ብላ ስትያዝ ዕድሜዋ 15 ነበር። ታዋቂዋ ሮዛ ፓርክስ በዚሁ ምክንያት ከመያዟ ከዘጠኝ ወር በፊት መሆኑ ነው። ታሪክ ክሎዴትን ረስቶ ሮዛን ያዘ፤ የሁለቱም ጀግንነት አይቀንስም።

አድማውን «ለታይታ» ያሉት ግን ትንሽ አሳዝኖኛል። 381 ቀን ነው የቆየው። እስቲ አስቡት፣ ከሳቢያን እስከ ከዚራ 381 ቀን ባጃጅ ሳትሳፈሩ። ግንቦትን ጨምሮ! ጥቁር የታክሲ ሾፌሮች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም ሰው መጫን ጀመሩ። ከተማው ከ45 ሳንቲም በታች የጫነ ይቀጣል አለ። ሰዎቹ የግል መኪኖቻቸውን አሰባስበው የራሳቸውን ስምሪት አቋቋሙ። በጣም የምወደው ክፍል ደግሞ ይህ ነው። አንዳንድ ነጭ የቤት እመቤቶች ልብስ አጣቢያቸው እንዳትቀርባቸው ሲሉ በመኪና ያመላልሷት ጀመር። ከንቲባው ተናደደና እባካችሁ ተዉ ብሎ ለመናቸው። አልተዉም። ልብሱን ማን ይጠብ?

ፍርዱ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ የትምህርት ቤቱም ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1954 ያልቅ ነበር። ያን ዓመት ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷል። ከአሥር ዓመት በኋላ በደቡቦቹ ግዛቶች ከነጭ ጋር የሚማሩት ጥቁር ልጆች ከመቶ 2 አይሞሉም ነበር። ፍርድም ነበረ፣ ጊዜም ነበረ። የጎደለው ገፍቶ የሚያስፈጽመው ነው። ነገሩ የተንቀሳቀሰው እ.ኤ.አ. በ1964 የዜጎች መብት ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ያ ሕግ ደግሞ ከስንት ሰልፍና ከስንት እስር በኋላ እንደወጣ ጸሐፊው ከእኔ በላይ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ።

በደቡብ አፍሪካ በኩል ትንሽ ልቀንስላቸው። አፓርታይድን የጣለው ሰልፍ ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚ ማዕቀብ ነበረ። የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃትም ትልቅ ነገር ነው። ይህን እቀበላለሁ። ብቻ ማዕቀብም በፈቃዱ ከሰማይ አልወረደም። በየአገሩ ሰው ለዓመታት ጮኾ ነው።

ኪሳራ ያሉት ጋ ደረስን።

የሄጉን ክስ ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ የጀርመን ቅኝ ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር ለደቡብ አፍሪካ በአደራ ሰጣት። ደቡብ አፍሪካ አደራዋን በልታ አፓርታይድን እዚያም ተከለች። እንክሰስ ሲባል ችግር መጣ። መክሰስ የሚችለው የዚያ የድሮው ማኅበር አባል የነበረ አገር ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ የአፍሪካ አገሮች አብዛኞቹ ቅኝ ነበሩ። ጥቁሮች ራሳቸው ከሚያስተዳድሯቸው የአፍሪካ አገሮች አባል የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናቸው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1960 ከሰሱ። እንግዲህ ጸሐፊውን ልጠይቅ፤ እነሱም «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ቢሉ ማን ቀርቶ ነበር?

ስድስት ዓመት ሊሞላ ሲል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 1966 ፍርዱ መጣ። ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ አስበልጦ ክሱ ወደቀ። ተረታን፣ ልክ ናቸው። ግን ምን ተብለን እንደተረታን ጸሐፊው አልነገሩንም። ፍርድ ቤቱ አፓርታይድ ትክክል ነው አላለም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በነገሩ ውስጥ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብትም ጥቅምም የላቸውም ነው ያለው። ወደ ድሬ አማርኛ ስመልሰው «አቦ፣ ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም» ማለት ነው። የጸሐፊው ርዕስ ከስልሳ ዓመት ገደማ በፊት ሄግ ላይ ተነቧል።

ከዚያስ? ዓለም ተቆጣ። በሦስት ወሩ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1966፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአደራዋ አነሣት። እ.ኤ.አ. በ1971 ያው ፍርድ ቤት ራሱ ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስተያየት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች። የነጻነቷ ቀን መጋቢት 21 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። ቀኑ ሻርፕቪል ላይ የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ 69 ሰው የገደለበት ቀን ነው። የተሸነፍነው ክስ እንግዲህ ይህን ሁሉ ተከትሎት መጥቷል። ኪሳራ ከተባለ ይባል።

የምሩጽ ነገር ግን ያማል። እዚህ ላይ ጸሐፊው የማይካድ ነገር ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሶዌቶ ላይ ተማሪዎች በተገደሉ በሳምንታት ውስጥ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። ኒውዚላንድ ከኦሎምፒክ ትውጣ ተባለ፤ አልወጣችም። ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያልን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ማርሽ ቀያሪው ጉልበቱ በሞላበት ሰዓት ቁጭ ብሎ አየ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ማሸነፉ ያንን አይመልስለትም። ዋጋውን የከፈለው እሱ ነው። እኛ በሩጫ ሰበብ ፎክረን ስናበቃ የእሱን ዋጋ መርሳት የለብንም።

ዋጋ መክፈልና መክሰር ግን ይለያያሉ። በዓመቱ የእንግሊዝ ኮመንዌልዝ አገሮች ከደቡብ አፍሪካ ጋር የሚደረገውን ስፖርት ለማስቀረት ተስማሙ፤ ኒውዚላንድም ፈረመች። ደቡብ አፍሪካ በነጭ ብቻ ቡድን ለመጨረሻ ጊዜ ኦሎምፒክ የመጣችው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ በሮጠበት ዓመት ነው። ከዚያ 32 ዓመት ከደጅ ቀረች።

የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። የሴቶች 10,000 ሜትር። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ቀረ። አንዷ ደራርቱ ቱሉ፣ ሌላዋ ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር። ደራርቱ አልፋ ሄደች፣ አሸነፈች። ከዚያ ቆማ ጠበቀቻት። ተቃቀፉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩት። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም፤ በኋላ ነው ያየሁት፣ ደጋግሜ። ጸሐፊው ድሬ ውስጥ ፍቅር አለ ይላሉ። እኔም እሱን ፍቅር ነው የምለው። ግን ያ መተቃቀፍ የመጣው አንደኛዋ አገር በሩ ተዘግቶባት፣ ሕጓን ለውጣ ከመጣች በኋላ ነው። ምሩጽ ሞንትሪያል ሮጦ ቢሆን ኖሮ ደራርቱ የምታቅፋት ኤላና ማንን ወክላ ትመጣ እንደነበር እንጃ።

የቀረችው የመጨረሻዋ ናት። «አፍ የለንም»።

ባሪያ መሸጡ እውነት ነው። ከሐረር ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ በሚወርደው መንገድ ቡናና ጨው ብቻ አልተጓዘም፤ ሰው ተነድቷል። ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 1934 ነው፣ ከጣሊያን መውጣት በኋላ። ቅርብ ነው። አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር።

ከወር በፊት ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ገበያ፣ ከአብሮ አደጌ ጋር ሻይ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለናል። ሳምቡሳ አዘናል። አንድ ተሸካሚ የሽንኩርት ጆንያ ተሸክሞ በመካከላችን ሲያልፍ ጆንያው የአብሮ አደጌን ትከሻ ነካው። ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ተሸካሚው ቆዳው ከእኛ ይጠቁራል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። አብሮ አደጌ አንዲት ቃል ወረወረበት። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም፣ ታውቋታላችሁ። ድሮ በዚያ መንገድ የሚነዱት ሰዎች የሚጠሩባት ናት። ሰውየው ጆንያው አንገቱን እንደደፋው «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ አለፈ። አብሮ አደጌ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ረጅም ሳቅ አልነበረም። ግን ሳቅ ነበር። ሒሳቡንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ደወልኩለትና «ያንን ቃል ለምን አልክ? እኔስ ለምን ሳቅሁ?» አልኩት። «አቦ ቀልድ ነው! አንተ ደግሞ አሜሪካ ያለህ መሰለህ?» አለኝ። ተጨቃጨቅን። ዘጋብኝ። ከዚያ ብዙ ቀን ዝም ብሎ ቆይቶ የላከልኝ ይህን ጽሑፍ ነው። «ክርክርህን አቁም» ያለኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው «እኛም ንጹሕ አይደለንም» ሲሉ አልከራከራቸውም። ማስረጃ ከፈለጉ እኔ አለሁ። የማልስማማው ከዚያ ወደ «ዝም እንበል» በዘለሉባት ዝላይ ላይ ነው። ንጹሕ የሆነ ብቻ ይናገር ከተባለ ሄግ ላይ ኢትዮጵያም ባልቆመች ነበር፤ አዋጁ ገና 18 ዓመቱ ነበርና። ደግሞ ዝምታው ለማን እንደሚመች ይታያል። ለእኔና ለአብሮ አደጌ ይመቻል። ጆንያ ለተሸከመው ሰው አይመችም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ የምልከው ለአብሮ አደጌ ነው። ትናንት ደውሏል። ስለ ጽሑፉ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ቅዳሜ ቀፊራ፣ እዚያው ሻይ ቤት እንገናኝ አለኝ፤ እሺ አልኩት። ተሸካሚው አሁንም እዚያው ነው የሚሠራው፤ ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አይቼዋለሁ። ሰላም አልኩት፣ ሰላም አለኝ። ስሙን ግን እስካሁን አልጠየቅሁትም።